ቢላ የሚታወቀው ሲደነዝ ነው

መርካቶ፣ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከፊቴ ጎጆ ልትወጣ የተቃረበች የምትመስል ልጅ ከእናቷ ጋር ቢላ ትመርጣለች። ሻጩ አንዱን ከካርቶኑ መዘዘና ከደረሰኝ ጥራዙ ላይ ወረቀት ገንጥሎ አየር ላይ እንደያዘው ለሁለት ከፈለው። «እዩት እንግዲህ እማማ! ከውጭ የመጣ ነው። አይዝግም፣ አይሳልም፣ ዕድሜ ልክ ነው» አለ። እናትየው ቢላውን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና «ከበድ ይላል፤ ጥሩ ነው» አሉ። ተገዛ። እኔ የመጣሁት ለድስት ክዳን ነበርና ክዳኔን ይዤ፣ አፌንም ይዤ ወጣሁ። ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሻጩን አልወቅስም። የተናገረው አገር የሚያምነውን ነው። ስለ ቢላ የምናውቀው ሁሉ ቢጨመቅ ከእነዚያ አራት ነገሮች አያልፍም፦ ከውጭ የመጣ ይሁን፣ አይዝግ፣ ይክበድ፣ ሞረድ አይፈልግ። እነዚህን ያሟላ ቢላ «ዕቃ ነው» ይባልለታል። እኔ ደግሞ አራቱም መለኪያ አይደሉም እላለሁ፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ የተገላቢጦሽ ናቸው። ሱቅ ውስጥ የማይቆርጥ ቢላ የለም። አዲስ ቢላ ወረቀት ስለከፈለ መግዛት ሙሽራን በሠርጓ ቀን አይቶ ስለ ትዳሯ እንደ መመስከር ነው። ቢላ የሚታወቀው ሲደነዝ ነው። የደነዘ ዕለት በአሥር ደቂቃ ሥራ ስለቱ ይመለሳል? ከዓመት በኋላስ? ከሃያ ዓመት በኋላስ? ከተመለሰ ጥሩ ቢላ ነው፣ ከየትም ይምጣ። ካልተመለሰ በቬልቬት ሳጥን ተኝቶ ቢመጣም ቆርቆሮ ነው።

ከአራቱ ከሁሉ የምትከፋው «አይሳልም» የምትለዋ ናት። ስለት ማለት እኮ ብረት በሁለት ጎኑ ተሞርዶ ተሞርዶ ከፀጉር በታች ሲቀጥን ነው። እንዲህ የቀጠነ ነገር መክተፊያ በነካ ቁጥር ይጎብጣል፣ ቀስ እያለ ያልቃል፣ ሎሚውና ጨውም ይበላዋል። ይህ የማይደርስበት ብረት አልተሠራም። የማይሳል ቢላ እንደማይታጠብ ነጠላ ነው፤ አለ የሚል ካለ ለብሶት የማያውቅ ሰው ነው። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሳሞቹ ቢላዎች ነው። እንደ መጋዝ ጥርስ ስላላቸው ሥጋውንም ቲማቲሙንም ይቦጫጭቁታል፤ መቦጫጨቅ ደግሞ ሳይሳሉም ለተወሰነ ጊዜ ይቻላል። ለዳቦ ጥሩ ናቸው፤ ለድፎ ዳቦ እኔም አንድ አለኝ። ነገር ግን የደከሙ ዕለት እያንዳንዷ ጥርስ ለብቻዋ መሞረድ ስላለባት ማንም አይነካቸውም፣ ይጣላሉ። ሻጩ «አይሳልም» ሲል እኛ «መሳል አያሻውም» ብለን ሰማን። እሱ ግን ሳያውቀው እውነቱን ነበር የተናገረው።

ሰፈራችን ሥጋ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ቢላው በአንድ ወቅት ሦስት ጣት ስፋት ነበረው መሰለኝ፤ አሁን አንድ ጣት ተኩል ቢቀረው ነው። ደንበኛ በገባ ቁጥር፣ ገና «ምን ልቁረጥ?» ሳይል፣ እጁ በራሱ ጊዜ ወገቡ ላይ ወደተንጠለጠለው ዘንግ ይሄዳል። አራት አምስት ጊዜ ያፋጨዋል፤ ከዚያ ሥጋው ላይ ሲያሳርፈው ቢላው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አንድ ቀን «ይሄ ቢላ ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት።

«የቱ ጋሼ? ብረቱ ነው እጀታው?»

«ብረቱ።»

«እኔ ስቀጠር እዚሁ ነበር። እጀታውን ሁለቴ ቀይሬያለሁ።»

«ከየት የመጣ ቢሆን ነው?»

ሳቀብኝ። «ከመርካቶ ነዋ። ያው እናንተ የምትገዙት ነው።»

ያው እኛ የምንገዛው! እኛ ቤት በስድስት ወሩ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ዕቃ ነው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የሚወረወረው ቢላ እሱ ጋ ቀኑን ሙሉ በሬ ሲበልት ዓመታትን ይሻገራል። ልዩነቱ ወገቡ ላይ የተንጠለጠለው ዘንግ ነው። ብዙ ሰው ዘንጉ ቢላውን «የሚስለው» ይመስለዋል። በዋናነት የሚሠራው የጎበጠውን ስለት ማቅናት ነው፤ ከብረቱ የሚወስደው እዚህ ግባ አይባልም። በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚያፋጨውም ለዚህ ነው፤ ስለቱ ጎብጦ ሳይቀር በፊት ያቀናዋል። ዘንጉ አልመልስ ሲል ድንጋይ ላይ ይወስደዋል። ሌላ ምስጢር የለውም።

የእናቴ ቢላ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል። አባቴ ገጠር ገበያ ላይ ከቀጥቃጭ የገዛው ነው፤ እጀታው የወይራ እንጨት፣ ብረቱ ጥቁር ግራጫ። ቋንጣ ስትዘለዝል ማየት ነበረባችሁ። አንድ ሙዳ ትይዝና ከጫፉ ትጀምራለች፤ ወደ መጨረሻው ስትደርስ ቆርጣ አትጥለውም፣ ገልበጥ አድርጋ በመጣችበት ትመለሳለች፣ እንደገና ትገለብጣለች። ሙዳው እንደ ተጠቀለለ መቀነት እየተፈታ ክንድ የሚያህል አንድ ዝልዝል ይሆናል። በደነዘ ቢላ ይህ አይሞከርም፤ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ይበጠሳል። ከመጀመሯ በፊት ስለቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አሳርፋ ትፈትነዋለች። ከያዘ ጥሩ ነው፣ ካንሸራተተ ገና ነው። ገና ከሆነ ከበሩ ደፍ ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ ታደርግና ትቀመጣለች። ድንጋዩ መካከሉ ጎድጉዶ የጀልባ ቅርጽ ይዞ ነበር።

ወደ «አይዝግም» ልምጣ። የማይዝግ ብረት ታሪክ ራሱ ለኔ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1913 ሸፊልድ በተባለችው የእንግሊዝ የብረት ከተማ ሃሪ ብሬርሊ የተባለ የብረት ባለሙያ የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ሲፈልግ ብዙ ክሮሚየም ያለበት፣ ዝገት የማይደፍረው ብረት አገኘ። ለቢላ ይሆናል ብሎ ለከተማዋ ቢላ ሠሪዎች ቢያሳያቸው አላገጡበት፤ የማይቆርጥ ቢላ የፈለሰፈ ሰው እያሉ ስም አወጡለት። በኋላ አሠራሩ ተሻሽሎ ዓለም ሁሉ ተቀበለው፣ ዛሬም ጥሩ የሆኑ የማይዝጉ ቢላዎች ሞልተዋል። ግን የነዚያ ቢላ ሠሪዎች ጥርጣሬ መሠረት ነበረው። አለመዝገትና መቁረጥ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው። ብረት ዝገትን እንዲቋቋም የሚያደርገው ቢያንስ 10.5 በመቶ የሚሆን ክሮሚየም ነው። ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው ደግሞ በውስጡ ያለው ካርቦንና በእሳት ተግሎ፣ ተነክሮ የተሰጠው ጥንካሬ ነው። ቢላው ላይ «ስቴንለስ» ተብሎ ሲጻፍ የተነገረን ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው ጽሑፉ ዝም ብሏል፤ ዝምታውን ደግሞ እንደ ምስጋና ቆጠርነው።

ማንኪያዎቻችሁ ጀርባ ላይ 18/10 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ይህ ብረት ዝገትን በመቋቋም ከብዙ የቢላ ብረት ይበልጣል። ነገር ግን ቢግልና ቢነከር አይጠነክርም፤ ስለት አይይዝም። ለማንኪያ የተፈጠረ ነው። ዝገትን የመቋቋም ውድድር ቢደረግ ማንኪያው ቢላውን ያሸንፈዋል፤ ሽንኩርት በማንኪያ ግን አይከተፍም። ለመለየት ከተበላሸ ራዲዮ እስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። ስለት መያዝ የሚችለው ብረት ማግኔት ይስባል፤ የማንኪያው ዓይነት ግን አይስብም፣ ቢስብም ለይምሰል ነው። ማግኔት የሳበ ሁሉ ጥሩ ቢላ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ጨርሶ ካልሳበ ግን ቢላውን መልሶ ማስቀመጥ ነው።

የሚዝገውስ? ካርቦኑ በዛ ያለ ተራ ብረት በርጥበቱ ከተተወ ይዝጋል፤ አልክድም። ሽንኩርትና ሎሚ ያጠቁረዋል፣ እሱም ሽንኩርቱን ያጠቁረዋል፤ ሰላጣ ላይ አይወደድም። ሆቴል ወይም ካፌ የከፈተ ሰው የማይዝገውን ቢመርጥ አልከራከረውም፤ እዚያ ማን አጥቦ ማን እንደሚያደርቀው አይታወቅም። በቤት ግን መድኃኒቱ በተጠቀሙበት ቅጽበት አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ ነው፣ ሲቀመጥ ዘይት በነካ ጨርቅ ማሸት ነው። ከጊዜ በኋላ ግራጫና ሰማያዊ የመሰለ መልክ ያወጣል፤ ይህ እንደ ቀዩ ዝገት ብረቱን የሚበላ አይደለም፣ እንዲያውም ይከላከልለታል። የእናቴ ቢላ የለበሰው እሱን ነው። «ቢላችሁ ቆሽሿል» ያሉን እንግዶች ነበሩ፤ ቋንጣውን ግን በልተው ሄደዋል።

«ከውጭ የመጣ» የሚለው እምነት ደግሞ አድራሻን ከብረት ጋር ያምታታል። ሶሊንገን የጀርመን ከተማ ናት፤ የብረት ዓይነት አይደለችም። በስሟ መነገድ ስለበዛ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ስሙ በሕግ ተጠብቋል፤ ዋና ዋናው ሥራ እዚያው ያልተሠራ ቢላ በስሟ ሊጠራ አይገባም። ያ ሕግ ግን እኛ ገበያ ላይ «ጀርመን» ብሎ በሚያትም ማንም ላይ ዘብ አይቆምም። የጃፓን ቢላም ሌላው ወሬ ሆኗል። ጥንካሬ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ነው የሚለካው፤ የተለመዱት የጀርመን የወጥ ቤት ቢላዎች ከ56 እስከ 58 ላይ ሲሆኑ የጃፓኖቹ ብዙዎቹ 60ን ያልፋሉ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስለቱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በልዋጩ ብረቱ ይሰባበራል። ዓሣ በስሱ ለሚያነጥፍ ሰው ሸጋ ነው። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት የሚያወጣ፣ በመገጣጠሚያው ሳተኝ ብሎ አጥንቱን የሚገጭ ቤት ግን ስለቱን እንደ ብርጭቆ ሲሸራርፈው ይውላል። ለኛ ወጥ ቤት ለስለስ ያለው፣ ቶሎ የሚደነዝና ቶሎ የሚመለሰው ይሻላል። ውድ መሆኑ ጥሩ አያደርገውም፤ ለእኛ ሥራ አልተሠራማ። የእባብ ቆዳ የመሰለ ዥንጉርጉር ታትሞበት «ደማስቆ» እየተባለ ለሚሸጠው ደግሞ ቃል አላባክንም። እውነተኛው የብረት ንብርብር ነው፤ ገበያ ላይ ከሚታየው ግን ብዙው ላዩ ላይ የታተመ ሥዕል ነው፣ ሥዕል ደግሞ ሽንኩርት አይከትፍም።

«ከበድ ይላል፤ ጥሩ ነው» ያሉት እናት ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም። ግን ቢላ የሚቆርጠው በቅጥነቱ ነው። ከስለቱ ኋላ ያለው ብረት ወፍራም ከሆነ ድንቹን አይቆርጠውም፣ እንደ ፈለጥ ይሰነጥቀዋል፤ ካሮት ላይ ጠሽ የሚል ድምፅ የሚሰማው በዚህ ነው። ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን በእጀታውና በብረቱ መካከል፣ አንገቱ ላይ፣ እስከ ስለቱ ድረስ የሚወርደው ወፍራም ብረት ነው። ሰው ሁሉ የጥራት ምልክት ያደርገዋል። በርግጥ ያምራል፤ ጣትንም ይጠብቃል። ነገር ግን ቢላው በተሳለ ቁጥር ስለቱ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ያ ወፍራም ጉብታ ግን ባለበት ይቆያል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስለቱ መክተፊያ ላይ ሲያርፍ ተረከዙ ብቻ ይነካል፣ መካከሉ አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ቀይ ሽንኩርቱም እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ይቀራል። ለመሳል ያልታሰበ ቢላ ማለት ይህ ነው። ሠሪው ራሱ ገዢው እንደማይስለው አውቋል።

እጀታውን በሚመለከት «ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይሂድ፣ ሦስት ሪቬት ይኑረው» የሚል ሕግም አለ። ክፉ ምክር አይደለም፣ ግን ሕግ አይደለም። የጃፓኖቹ ምርጥ ቢላዎች አብዛኞቹ፣ የኛም ባለ ቀንድ እጀታዎች፣ የብረታቸው ጅራት እጀታው ውስጥ ተቀብሮ ነው ለትውልድ የሚተላለፉት። እጀታ ሲላላ ይቀየራል፤ ሥጋ ቤቱን ልጅ ጠይቁት።

አንድ ጊዜ ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ከእንጨት ማቀፊያው ጋር አሥራ አምስት ፍሬ ቢላ አመጣልን። ሻንጣ ከብዶበት ተቀጥቶ ነበር፤ ውለታውን አልረሳም። ባለቤቴ ሳሎን ድረስ አውጥታ ለጎረቤት አሳይታዋለች። ከአሥራ አምስቱ ስድስቱ ጥርሳም፣ አንዱ መቀስ፣ አንዱ ዘንግ ነበር። በዓመቱ የእናቴ ጥቁር ቢላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዳቦውን ትተን፣ የወጥ ቤት ሥራ ከአንድ ጥሩ ትልቅ ቢላና ከአንድ ትንሽ መላጫ በላይ አይፈልግም። አሥራ አምስት ፍሬ ሲገዛ ገንዘቡ ለአሥራ አምስት ይከፋፈላል፤ ለአንዱ የሚደርሰው ብረት ምን ያህል ጥሩ ሊሆን እንደሚችል ማስላት አያዳግትም።

እዚህ ላይ «እንግዲያው የአገራችን ቢላ ይሻላል ልትል ነው» የሚለኝ ይኖራል። ቀስ በሉ። የቀጥቃጭ ቢላ ሁሉ አንድ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ከምን ተሠራ ነው። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ከሆነ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለበት፤ ተግሎ ሲነከር ይጠነክራል፣ ጥሩ ስለት ይይዛል። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ከሆነ ካርቦኑ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ በታች ነው፤ የፈለጉትን ያህል ቢያግሉትና ቢነክሩት የረባ ስለት አይወጣውም። ላዩ ሲታይ ሁለቱ አይለዩም። ሞረድ ግን ይለያቸዋል፦ ጥንካሬ ያገኘ ብረት ላይ ሞረድ ሸርተት ይላል፣ ፌሮው ላይ እንደ እንጨት ይነክሳል። ስለዚህ ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት «ይሄ ባሌስትራ ነው ፌሮ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ባለሙያው ጥያቄውን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ ሁለት ዓይነት መለወጥ ነው ያለው፣ ሁለቱም መልስ ነው።

አንድ ቀጥቃጭ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ልጁ ወናፉን ያናፋል፤ እሱ በጉጠት የያዘውን ባሌስትራ ብርቱካን እስኪመስል ያግለውና መስፍ ላይ ይቀጠቅጠዋል። ቅርጹን ከያዘ በኋላ እንደገና አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረው፤ ጢሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። የተጨረሰ መስሎኝ ነበር። «አሁን ብትጥለው ይሰበራል» አለኝ። እውነት ነው፤ ተነክሮ የወጣ ብረት እንደ ሸክላ ነው። አንዱን ጎን በድንጋይ ፈግፍጎ አነጣውና ጀርባውን ከፍም በላይ ያዘው። ነጩ ላይ ቀለም መሄድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ የማር ዓይነት ቢጫ። ስለቱ ጋ ገለባው ሲደርስ ወዲያው ከፍሙ አወጣው። ያ ቀለም ብረቱ 220 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ስለት ለመያዝ ጠንካራ፣ ላለመሰበር የሚበቃ ልስላሴ ያገኘበት ቦታ ነው። ቴርሞሜትር የለም፣ ዓይን ነው። ይህን የመጨረሻውን እርምጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ የነሱ ቢላ ነው ጫፉ እየተሸረፈ የአገሩን ሥራ ስም የሚያጠፋው።

እና እንዲህ ያለውን ሰው ምን እያልን ነው የኖርነው? ቡዳ። ጠይብ። ማታ ጅብ ሆኖ የሚዞር። ምኒልክ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የዕለት እንጀራ ስለነበረ ነው። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች ለገበሬው ማረሻውን፣ ለቤቱ ቢላውን ሲሠሩለት ኖረዋል፤ እጃቸውን የሚፈልጉት ጎረቤቶች ግን ዓይናቸውን ይፈሩ ነበር። ስለ ቢላ የማናውቀው ይህን ያህል የበዛው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ብረት የሚያውቀውን ሰው ከሩቅ ስላቆምነው እውቀቱም አብሮት ከሩቅ ቀረ፤ ባዶውን ቦታ ሻጭና ካርቶን ሞሉት።

ጥፋቴን ልናገር። የእናቴን ቢላ ሊገድለው የነበረው ዝገት አልነበረም፤ እኔ ነኝ። የፋሲካ ዋዜማ ነበር፣ ሁሉም ሰው ቢላውን በሚያስታውስበት ቀን። ወረፋ ይዤ በግራይንደር የሚስል ሰው ጋ አስሳልኩት። ብልጭታው እንደ ርችት ነበር፣ ደስ ብሎኝ አየሁ። ቤት ሳደርሰው እናቴ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። ጫፉ ጋ ሁለት ጣት ያህል ሰማያዊ ሆኗል። «ብረቱን ቀቀላችሁት» አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም። ሰማያዊ ቀለም ብረቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደረሰ ማለት ነው፤ ያ ቀጥቃጭ በገለባው ላይ ያቆመውን ነገር እኛ አሳለፍነው። እዚያ ቦታ ላይ ስለቱ በሳምንቱ ይጠፋ ነበር። የለሰለሰው ብረት በድንጋይ ተሞርዶ እስኪያልቅ ድረስ ቢላው በአንድ ጊዜ የብዙ ዓመት ዕድሜ አረጀ። ውሃ ሳይነካ፣ ፋታ ሳይሰጥ በፈጣን ግራይንደር የሚሳል ቢላ እየተቃጠለ ነው፤ ብልጭታው የዕድሜው ብናኝ ነው። በሁለት ጥርስ መካከል እየጎተቱ የሚስሉበት ትንሿ የፕላስቲክ መሣሪያም ብረቱን ስለምትፍቀው ከዚያ ብዙም አትሻልም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። መኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት፣ ውሃ የሚነከረው የብርጭቆ ወረቀት አለ፤ ባለ 400ና ባለ 1000 ቁጥሩን ገዝቶ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ ማጣበቅ ነው። ቢላውን አጋድሞ ጀርባውን ትንሽ ከፍ ማድረግ፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። አንዱን ጎን መግፋት፣ በሌላኛው ጎን ጣት ሲዳብሰው ቀጭን ክር የምትቆረቁር እስክትመስል። ያቺ ክር ካልመጣች ሥራው አላለቀም፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ሳትመጣ ይገለብጠዋል። ከመጣች ገልብጦ እንደዚያው፣ ከዚያ በስሱ ወረቀት ማለስለስ። አንግሉ የጠፋበት ሰው ስለቱን በማርከር ያጥቁርና አንዴ ይግፋ፤ ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ይነግረዋል። መክተፊያው ደግሞ እንጨት ይሁን። መስታወትና ድንጋይ መክተፊያ በሚሸጥበት ዘመን ቢላ ቶሎ ደነዘ ብሎ ማማረር ድፍረት ነው።

ጊዜ የለንም የሚሉኝን አላምናቸውም። የደነዘ ቢላ የሚበላው ጊዜ ስለማይቆጠር ነው። የሚቆጠርባትን ልጅ ግን አውቃታለሁ። ለዶሮ ወጥ አምስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት የሚከተፍባቸው ቤቶች አሉ፤ ከታፊዋ የቤት ሠራተኛዋ ናት። የደነዘ ቢላ ሽንኩርቱን ስለሚጨፈልቀው የሚያስለቅሰው ነገር የበለጠ ይወጣል። ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ጣቷን ትቆረጣለች፤ ቢላው ከልጣጩ ላይ ሲያንሸራትት ኃይል ትጨምራለችና የሚያርፈው ጣቷ ላይ ነው። «ስል ቢላ አትስጧት፣ ራሷን ትቆርጣለች» የሚሉ እመቤቶች ሰምቻለሁ። ስል ቢላ በትንሽ ኃይል በታሰበለት ቦታ ይሄዳል። ባለ አሥር ወንበር ሳሎን ባለው ቤት ዱልዱም ቢላ ማስያዝ ቁጠባ አይባልም። ለበጉም እንደዚሁ ነው፤ በእስልምና ከማረድ በፊት ቢላውን መሳል የታዘዘው እንስሳው እንዳይሰቃይ ነው፣ ክርስቲያኑም አራጅ ዱልዱም ካራ ይዞ መቅረብን ነውር ያደርገዋል። ለበግ ያሰብነውን ለሰው ጣት ብናስብ ምን ይለናል?

ስለዚህ ያቺን ሙሽራ ዛሬ ባገኛት የምነግራት ይህን ነው። ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሪና ከላይ ተመልከቺው፤ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ካለ እዚያ ላይ ስለት የለም። በርዝመቱ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ እዪው፣ ጎብጦ እንደሆነ ያኔ ታውቂያለሽ። አንገቱ ላይ ስለቱን የሚዘጋ ጉብታ አይኑረው። ቀጭን ይሁን። ጥርስ አይኑረው። ማግኔት ይሳብ። ሻጩ ወረቀት ሲቆርጥ አትዪው፣ «ሲደነዝ በምን ልሳለው?» በዪውና መልሱን ስሚ። የብርጭቆ ወረቀቱንም እዚያው ጎን ካለው ቀለም ቤት ግዢ፤ ቢላውን ብቻ ይዞ ቤት መግባት ግማሽ ዕቃ መግዛት ነው።

የእናቴ ቢላ አሁን ትልቅ ጣት ብታህል ነው፤ ቋንጣ አይዘለዘልባትም፣ ድንች ትልጣለች። እሷን የተካውን ባሌስትራ ከዚያ ቀጥቃጭ ነው የገዛሁት። ባለፈው ገና ዋዜማ ልጄ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጣውላዋን ዘርግታ ስትገፋው አመሸች። ስትጨርስ ለአያቷ አቀበለቻት። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ወደ መስኮቱ አልሄደችም። በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አሳረፈችው፣ ትንሽ ጠበቀች።

«ገና ነው» አለች። «ተረከዙ ጋ ድገሚው።»